«አብሽሪ» ሲለኝ ምን ማለቱ ነው?

ጥያቄ፦

ይድረስ ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ በደሴ ከተማ የምኖር የ29 ዓመት መምህርት ነኝ። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ስነሣ ስተው፣ ስነሣ ስተው ሦስት ወር አለፈኝ።

ከአራት ዓመት በፊት በታላቅ ወንድሜ ሠርግ ላይ ከሚዜዎቹ አንዱ ከነበረ ሰው ጋር ተዋወቅሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ይሠራል። ቅዳሜ ወደ ደሴ ሲወጣ እኛ ቤት ቡና ሳይጠጣ አይመለስም፤ እናቴም እንደ ልጇ ታየዋለች። እኔ ግን እንደ ወንድም ላየው አልቻልሁም። አባቴ ባረፈ ጊዜ ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ ከአጠገባችን አልተለየም፤ ከዚያ ወዲህማ ልቤ ጨርሶ ከእሱ ሊላቀቅ አልቻለም። በቴሌግራም ስጽፍለት አንዳንድ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ያጫውተኛል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ አይሰጠኝም። በመጨረሻ ሲጽፍ «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አብሽሪ ሆዴ» ይለኛል፤ በዚያች ቃል አንድ ወር እኖራለሁ። ሁለት ጊዜ ጉዳይ እንዳለኝ አስመስዬ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርጃለሁ፤ ምሳ ጋብዞኝ እስከ መናኸሪያ ሸኝቶኛል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አልተናገረም።

ባለፈው ወር አንድ የማውቀው መልካም ሰው ሽማግሌ ላከ። እናቴ ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው እንዲመጡ ቀጥራቸዋለች፤ ለእኔም ሌት ተቀን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለች ትተርትብኛለች። ምሥጢሬን የሚያውቁ አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ በረካውን እየጠጣን ሳለ መስተፋቅር የሚሠራ አዋቂ እንደሚያውቁ ነገሩኝ። ፍቅሬ አንድ ቀን ምላሽ ያገኝ ይሆን? ሴት ልጅ ሆኜ ልንገረው ወይስ እሱ እስኪናገር ልጠብቅ? ጎረቤቴ ያሉኝንስ ብሞክረው ነውር ይሆንብኛል?

የምትጠብቀው፣ ከደሴ

መልስ፦

እህቴ፣ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛልና «አንቺ» እያልሁ ልጻፍልሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ ከጨረስሁ በኋላ አንድ ነገር ፍለጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁና ያንን ነገር አጣሁት። የፈለግሁት፣ ይህ ሰው ለአንቺ ስላለው ስሜት ተጠይቆ መልስ የሰጠበትን አንድ መስመር ነው። በአራት ዓመት ውስጥ እሺ አላለሽም፣ እንቢም አላለሽም፤ የጠየቀው ሰው የለምና። ስለዚህ ፍቅርሽ ምላሽ አጥቷል ለማለት ጊዜው ገና ነው፤ ምላሽ ሊያገኝ ነው ለማለትም የሚያስችል ማስረጃ በእጅሽ የለም። ያለሽው በሁለቱ መካከል ነው፤ አንቺን እንዲህ ያደከመሽም፣ እንደሚመስለኝ፣ እሱ ሳይሆን ይህ መካከል ላይ መቆየት ነው።

በቅድሚያ «አብሽሪ» ስለሚለው ቃል እናውራ፤ የተስፋሽን ሸክም ሁሉ የጫንሽው በዚህ ቃል ላይ ነውና። እኔም ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ «የምሥራች፣ ደስ ይበልሽ» እንደ ማለት ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አይዞሽ፣ አታስቢ» ለማለት ከጠዋት እስከ ማታ ይጠቀምበታል። ፒያሳ ላይ የታክሲ ረዳት የሚመልሰው ዝርዝር ሲያጣ «አብሽሪ እናቴ» ይልሻል። ሰኞ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ዋጋ ቀንሺ ስትባል «አብሽሪ ሆዴ፣ አንጣላም» ትልሻለች። የአገራችን ሰው አንደበቱ የለሰለሰ ነው፤ ይህንንም እንደ ክብራችን እንቆጥረዋለን፣ መቁጠራችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህ አንደበት መካከል ሆኖ የሚያፈቅር ሰው አንድ ልዩ ፈተና አለበት፤ ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው «ሆዴ» በሚልበት አገር ለእሱ ብቻ የተባለውን «ሆዴ» ከሌላው ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል። ያንኑ ቃል ጎረቤትሽ ሲሉሽ ሰላምታ ነው፤ እሱ ሲልሽ ቃል ኪዳን ይሆንብሻል። በቃሉ ውስጥ ግን ምንም የተጨመረ ነገር የለም።

አባትሽ ባረፉ ጊዜ ከድንኳኑ አለመለየቱም እንዲሁ ነው። ይህ ሰው የወንድምሽ ሚዜ ነው፤ በእኛ ዘንድ ሚዜነት የሠርጉ ዕለት የሚያበቃ ነገር አይደለም፣ የወዳጅ አባት ሲሞት ከድንኳን የሚጠፋ ሚዜም ፊቱን ወደ ሰፈር ለመመለስ ይቸገራል። እባክሽ ልብ በይ፤ አይወድሽም እያልሁሽ አይደለም። እነዚህ የቆጠርሻቸው ምልክቶች ቢወድሽም ባይወድሽም ሊታዩ የሚችሉ በመሆናቸው ወደ አንዱም ወደ ሌላውም አይመሰክሩም እያልሁሽ ነው።

ወሎ የናፍቆት አገር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት አራቱ የዜማ ቅኝቶች ከእኛው ምድር ጋር ተያይዘው ይነሣሉ፤ ባቲና አምባሰልማ ስማቸውም የቦታ ስም ነው። ናፍቆትን ከልጅነታችን ጀምሮ የምንማረው በትዝታ ነው፤ ትዝታ ግን አንድ ጊዜ የነበረን፣ የተነካን፣ የተለየንን ነገር መናፈቅ ነው። የአንቺ ናፍቆት ከዚህ ይለያል። የምትናፍቂው ገና ያልሆነን ነገር ነው፤ ያልሆነ ነገር ደግሞ አያረጅም። በሐሳብሽ ውስጥ ያለው ሰው በወር መጨረሻ ገንዘብ አጥሮት አይነጫነጭም፣ ደክሞት አይቆጣም፣ ስትታመሚ አይረሳሽም። ያገቡ ሴቶች ባሎቻቸውን የሚመዝኑት በዕለት ኑሮ ነው፤ አንቺ ግን አራት ዓመት ሙሉ የወደድሽው በዕለት ኑሮ ተመዝኖ የማያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ፍቅር ጊዜ ብቻውን የማያደበዝዘው ለዚህ ይመስለኛል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም ይህን ሁኔታ በሚገባ አጥንተውታል። ዶሮቲ ቴኖቭ የተባለች አሜሪካዊት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ «ሊመረንስ» የሚል ስም ሰጥታዋለች። ሐሳብ ያለ ፈቃድ ወደ አንድ ሰው መመላለሱ፣ በትንሽ ምልክት መፈንደቅና በትንሽ ዝምታ መሰበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ሰው ስሜቱን እንዲመልስ መጓጓት መለያዎቹ ናቸው። ከጻፈችው ሁሉ ለአንቺ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ ይህ ስሜት እንዲቆይ ተስፋና ጥርጣሬ አንድ ላይ ያስፈልጉታል። ተስፋው ብቻ ቢሆን ወደ ተረጋጋ ፍቅር ይለወጥ ነበር፤ ተስፋው ፈጽሞ ቢጠፋ ደግሞ ቀስ በቀስ ይከስም ነበር። ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ነው እሳቱ የማይጠፋው።

ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ከዚያ «አብሽሪ» ማለቱ ለምን እንዲህ እንደሚይዝሽም መረዳት ይቻላል። ፈርስተርና ስኪነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ባሳተሙት ጥናት፣ ርግቦች ቁልፍ በመንቁራቸው ሲነኩ እህል እንዲያገኙ አድርገው ነበር። እህሉ በዘፈቀደ፣ አንዳንዴ ብቻ ሲመጣላቸው የቆዩት ርግቦች፣ ጨርሶ መምጣቱን ካቆመ በኋላ በእያንዳንዱ ንክኪ ሲያገኙ ከነበሩት ይልቅ ብዙ ጊዜ መነካካታቸውን ቀጠሉ። ሰው ርግብ አይደለም፤ ይሁንና ስልክሽን በሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትከፍቺ ራስሽን ብትጠይቂ ነገሩ ይገባሻል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ደግሞ ሔለን ፊሸር የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በፍቅር የተገፉ 15 ወጣቶችን የሚወዱትን ሰው ፎቶግራፍ እያሳዩ አንጎላቸውን በመሣሪያ ሲመለከቱ፣ ከሽልማትና ከሱስ ጥማት ጋር የሚያያዙት ክፍሎች ሥራ ላይ ሆነው አገኟቸው። ይህን የምነግርሽ ራስሽን እንደ ደካማ እንዳትቆጥሪ ነው። የያዘሽ ነገር በአንጎል ውስጥ ሥር ያለው ጥማት ነው፤ «ልተወው» ስላልሽ ብቻ የማይተውሽም ስለዚህ ነው።

አሁን ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልንገርሽ። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ ሙጋድ አካባቢ የሚኖር አንድ ጨዋ ወጣት ይወደኝ ነበር። እኔ አልወደድሁትም። እንደሚወደኝ ግን ዐውቅ ነበር፤ ሴት ልጅ ይህን ትስታለች ብለሽ አታስቢ፣ ወንድም ቢሆን አይስትም። አልጠየቀኝም፤ ስላልጠየቀኝም እንቢ የምልበት በር አላገኘሁም። እንዳይከፋው ብዬ ስንገናኝ እስቃለሁ፣ ሲጋብዘኝ አንዴ እሺ እላለሁ አንዴ እሸሻለሁ፤ ምን እንደ ሠራሁ የተረዳሁት ግን ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በመጨረሻ ሌላ ሰው እንደማገባ ከሰው አፍ ሰማ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ደፍቶ ያለፈበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያኔ ክፉ የሆንሁት በጭካኔ አልነበረም፣ በርኅራኄ ነበር። ባውማይስተር የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ባሳተመው ጥናት፣ ፍቅርን መመለስ ያልቻሉ ሰዎች ራሳቸው በጸጸት እንደሚሠቃዩ፣ ምን ማድረግ እንደሚገባቸውም ግራ እንደሚገባቸው፤ አፍቃሪዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተስፋ እንደተሰጣቸው አድርገው እንደሚያስታውሱ አሳይቷል። ይህን ሳነብ የደሴ መንገድ ትዝ አለኝ። ይህ ሰው ሁለት ሳምንት የሚሰወርብሽና ተመልሶ በለስላሳ ቃል የሚያባብልሽ፣ እኔ ያደረግሁትን እያደረገ ሊሆን ይችላል። ወይም የወዳጁን እኅት በመመኘቱ አፍሮ ልቡን እያሸሸ ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከእሱ በቀር ሊነግርሽ የሚችል ሰው የለም፤ እኔም፣ እናትሽም፣ ያ አዋቂ የተባለውም አንችልም።

እንግዲህ ንገሪው። ሴት ልጅ መናገሯ በእኛ አገር እንደ ድፍረት እንደሚቆጠር ዐውቃለሁ፤ ነውር የሚሆነው ግን አነጋገሩ እንጂ መናገሩ አይደለም። በቴሌግራም አትጻፊለት፤ በሌሊት የተጻፈ ቃል ቀን ሲነበብ ሌላ ይመስላል፣ መልስ ሳይሰጥ የሚሰወርበትንም መንገድ ይከፍትለታል። በወንድምሽ በኩልም አትላኪበት፤ ወንድምሽን በወዳጁና በእኅቱ መካከል ማቆም ይሆናል። እናትሽ ቤት ቡና ላይም አይሁን፤ ሰው ፊት ያለ ሰው የሚሰጠው የሰው ፊት መልስ ነው። ቅዳሜ ወደ ደሴ ሲወጣ፣ ከቤታችሁ ከመግባቱ በፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚያልፍበት አንድ ካፌ አግኚው። ቃሉ ይጠርና ይለይ፤ እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦ «ለአንተ ያለኝ ስሜት የእኅት አይደለም። አንተም እንዲህ የምታየኝ ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ካልሆነም በግልጽ ንገረኝ፤ በቤታችን ያለህ ቦታ አይጓደልም።» ከዚህ በኋላ ዝም በይ። አራቱን ዓመት አትዘርዝሪለት፣ ያፈሰስሽውንም እንባ አትቁጠሪበት፤ እንዲያዝንልሽ ሳይሆን እንዲመልስልሽ ነው የሄድሽው።

እሺ ቢልሽ እኔ የምጨምረው ነገር የለም፤ ከእኔ ይልቅ እናትሽ ያውቁበታል። እንቢ ቢልሽ ዕንባሽ መጀመሪያ ይውረድ። «አሁን ጊዜው አይደለም»፣ «እስቲ እናያለን»፣ «አብሽሪ» ቢልሽስ? አንቺን ይበልጥ የሚጎዳሽ ይህ ነውና እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። በሚወዳት ሴት እንዲህ ተጠይቆ ደስታውን መደበቅ የሚችል ወንድ ጥቂት ነው። አንድ ሳምንት ስጪው፤ በሳምንቱ ግልጽ ቃል ካልመጣ እንቢ እንዳለሽ ቁጠሪው፣ ለሌላ ሳምንትም አታራዝሚለት።

ቴኖቭ ይህ ስሜት በሦስት መንገድ እንደሚያበቃ ጽፋለች፤ ምላሽ በማግኘት፣ ወደ ሌላ ሰው በመሸጋገር፣ ወይም ተስፋው ምግብ በማጣቱ። ለሦስተኛው የሰጠችው ስም ረሃብ ነው፤ ወሎ ላይ ተቀምጬ፣ የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብን የሚያስታውሱ እናቶች ባሉበት ከተማ፣ ይህን ቃል ለልብ ጉዳይ ለመጠቀም አልደፍርምና እኔ «ስንቅ መቁረጥ» እለዋለሁ። እንቢ ከተባልሽ የተስፋሽን ስንቅ መቁረጥ አለብሽ። የድሮ መልእክቶቹን ከስልክሽ አጥፊ፤ ቴሌግራም የገባበትን ሰዓት መመልከት ተዪ፤ ኮምቦልቻ የሚያስወርድ ጉዳይ ቢኖርሽ እንኳ ለተወሰኑ ወራት ሌላ ሰው ይሂድልሽ። ቅዳሜ ቡና ላይ የምትገናኙበትን ሰዓት ለወንድምሽ ሚስት ወይም ለምታምኛት ጓደኛ አስረክበሽ ከቤት ውጪ፣ ሆቴ ወይም መናፈሻ አካባቢ ከእኩዮችሽ ጋር መዋል ስትጀምሪ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአራቱ ዓመት ይልቅ ይከብዱሻል፤ ጥማቱ የሚጠነክረው ልክ ሲነፈግ ነውና ይህ የመሸነፍሽ ምልክት አይደለም። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ከምንም ነገር ደስታ አለማግኘት ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ብቻሽን አትቀመጪ፤ ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ አነጋግሪ።

ስለ መስተፋቅሩ አጭር መልስ አለኝ፤ አታድርጊው። ጎረቤትሽ ክፉ አስበው እንዳልመከሩሽ አምናለሁ። ነገር ግን በቡና ወይም በጠላ ተቀላቅሎ ለሰው የሚሰጥ ሥርና ቅጠል ምን እንደሆነ የሚጠጣው ሰው አያውቅም፤ የምታጠጪው አንቺም አታውቂም። በየመንገዱ ዳር የሚበቅለውን አስተናግር ታውቂዋለሽ፤ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች ያሉበት ሲሆን ሰውን ያቃዣል፣ የልብ ምትን ያፋጥናል፣ ሲበዛም ይገድላል። ይህን መሰል ነገር ላለመስጠትሽ ዋስትና የሚሆንሽ ማንም የለም። ከዚህም በላይ የአራት ዓመት ናፍቆትሽ እሱ ሁሉንም ሴቶች አይቶ አንቺን እንዲመርጥ ነው። መድኃኒት ይዞት ወደ አንቺ የመጣ ሰው መርጦሻል ልትዪ አትችዪም፤ ቢሠራ እንኳ የምትፈልጊውን ነገር አይሰጥሽም።

አሁን የቀረኝ ሽማግሌ የላከው ሰው ነው፤ ደብዳቤሽ ውስጥ በጥቂት ቃላት ያለፍሽው፣ እኔ ግን ልለፈው ያልቻልሁት እሱ ነው። እናትሽ በተረቱ ሊያስተምሩሽ የፈለጉት ይገባኛል፤ ነገር ግን ይህ ሰው በብብት የተያዘ ዕቃ አይደለም። አንቺ በኮምቦልቻው ሰው ዝምታ የምትሠቃዪውን ያህል እሱም ምናልባት በዚህ ሰዓት በአንቺ ዝምታ እየተሠቃየ ነው፤ እንዲያውም እሱ ያላደረግሽውን አድርጓል፣ ጠይቋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋልና ማንም ሊያስገድድሽ አይችልም። ያው ነጻነት ግን መልስ የመስጠት ግዴታም አለበት። የኮምቦልቻው እንቢ ቢልሽ በሐዘንሽ ላይ መጠለያ እንዲሆንሽ ብቻ ይህን ሰው አታግቢው፤ ወደፊት በየቀኑ አጠገቡ ተኝተሽ የሌላ ሰው ስልክ የምትጠብቂ ሚስት መሆን ለእሱም ለአንቺም ግፍ ነው። ልትወጂው የምትችዪ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ካስፈለገሽ፣ በእናትሽ በኩል ሳይሆን ራስሽ አግኝተሽው ጊዜ ጠይቂው፤ እንደማትችዪ ከወዲሁ ካወቅሽም ራስሽ ንገሪው።

ሽማግሌዎቹ የሚመለሱት ከፋሲካ በኋላ ነው ብለሻል። እስከዚያ ድረስ የቀሩሽ ቅዳሜዎች ጥቂት ናቸው፤ የኮምቦልቻው ሰው ወደ ደሴ ሲወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ አግኚው።